ሃያ አራት ከሃያ አራት

ረቡዕ ጠዋት የብሮድቤክ ከተማ አይብ ፋብሪካ ሠራተኞች ምድር ቤት ወርደው መብራቱን ሲያበሩት አምስተኛው መደርደሪያ ባዶውን ቆሞ ጠበቃቸው። ማክሰኞ ማታ ሃያ አራት የእንጨት ሳጥን ሊምበርገር አይብ ተደርድሮበት ነበር። አይቡን የሠራው ወርነር ብላዘር ነው። ቅዳሜ በከተማው የአይብ በዓል ላይ ዳኞች ይህንኑ አይብ ቀምሰው የሊቅነት ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ሊያጠልቁለት ቀጠሮ ይዘዋል። ወርነር ለዚያች ሜዳሊያ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቋል።

ኢንስፔክተር አርዲስ ቶልፍሰን በሩ ላይ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ ዴልበርት ኮፍያውን በእጁ እየጨመቀ ተቀበላት።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ኧረ የሞተ የለም። አይብ ነው የጠፋው።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ ቀብር የሚሄድ ሰው መሰለ?»

«ነይና እይው» አላት፣ ወደ ምድር ቤት እየመራ።

አርዲስ ተወልዳ ያደገችው ከፋብሪካው ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ሊምበርገር ባዕድ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው አይብ ነው፤ ለእሷ ግን ሽታው ከአየር አይለይም። ደረጃውን ስትወርድ ከታች ሁለት ሰዎች ሲነታረኩ ሰማች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ መደብሮች እያንዳንዱ ሳጥን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ካልታወቀ አንገዛም ስላሉ፣ ፋብሪካው በሳጥኖቹ ላይ የሬዲዮ መለያ ሊያደርግ ወስኗል። መለያው ያለበት ሳጥን በበር ሲያልፍ በሩ ላይ የተተከለ አንባቢ ያየውና ይመዘግበዋል። ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። አንደኛው ከቺካጎ የመጣ ኩባንያ ወኪል ነው፤ ፕሬስተን ኦክስ ይባላል፣ ጫማው የሚያበራ፣ ጥርሱም የሚያበራ ሰው። ሁለተኛዋ የከተማው ልጅ ኖሪን ዋንታ ናት፤ መሣሪያዋን የምትሠራው እዚሁ ጋራዧ ውስጥ ነው። ወር ሙሉ እነዚያው ሃያ አራት ሳጥኖች የሁለቱንም መለያ ተሸክመው፣ ወርነር በየጠዋቱ በጋሪ እየገፋ በመጫኛው በር አውጥቶ መልሶ ያስገባቸው ነበር፤ እያጉረመረመ። የሁለቱም መሣሪያ መዝገብ ታሽጓል። ዓርብ የፋብሪካው ባለቤት የሆነው የገበሬዎች ማኅበር አባላት በተሰበሰቡበት ይከፈትና የተሻለው ይመረጣል።

ፕሬስተን አርዲስን ሲያይ ወደ ግድግዳው ማያ ሮጠ። ከአፍንጫው ሥር የሜንታ ቅባት ተለቅልቋል።

«ኢንስፔክተር፣ እንኳን መጡ! እሽጉን ከፍተን የዛሬን ብቻ አየን። እንደዚህ ያለ መሣሪያ አይተው አያውቁም።»

ማያው ላይ የተጻፈው አጭር ነው። ሃያ አራት ሳጥን ወጥቷል። ሰዓቱ ንጋት ላይ፣ ለአስራ ሁለት ስምንት ደቂቃ ጉዳይ። በሩን የከፈተው ካርድ የወርነር ብላዘር።

«ሃያ አራት ከሃያ አራት!» አለ ፕሬስተን። «አንዷም አላመለጠችውም። የሙከራ ዕቃ ነው፣ ገና ሳይገዛ ሌባ ያዘላችሁ።»

«የእኔ ደግሞ አንድም ሳጥን አልወጣም ይላል» አለች ኖሪን፣ እጇን አጣምራ።

«የአንቺማ እንቅልፍ ወስዶት ነበራ።»

ወርነር ግድግዳው ጥግ ቆሞ ቦት ጫማውን ይመለከታል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ከሰውነቱ ያነሰ።

ዴልበርት ወደ አርዲስ ጆሮ ጠጋ ብሎ «የዳኞቹ ሰብሳቢ ደውሎልኛል» አላት። «እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ስሙ ካልጠራ ይሰርዙታል። ሌባ አንሸልምም አሉ። አርዲስ፣ ይሄ ሰው ከተሰረዘ ይሞትብኛል።»

አርዲስ ወደ ወርነር ዞረች። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትኩስ የአይብ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ በመስኮት የሚያቀብላት ወርነር ነበር።

*

«እዚህ ውስጥ አላወራም» አላት ወርነር። ክንዷን ይዞ ከወተት መኪኖቹ አልፎ እስከ አጥሩ ድረስ ወሰዳት።

«ምነው ጋሽ ወርነር?»

«ይሰማሉ።»

«ማን ነው የሚሰማው?»

«ተለጣፊዎቹ!» ዞር ዞር ብሎ አየ። «ሬዲዮ ናቸው ብለው ነገሩኝ። ሬዲዮ ካወራ ይሰማላ። ከወር ወዲህ ምድር ቤት ውስጥ ሆኜ ዴልበርትን አንድ ቀን አልተሳደብኩም። ጤናዬን አጣሁ።»

አርዲስ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። «ጆሮ የላቸውም እኮ። በር ላይ ሲያልፉ ቁጥራቸውን ብቻ ነው የሚናገሩት።»

«አንቺን እንደዚያ ብለውሻል።»

«እሺ ይሁን። ዛሬ ንጋት ላይ፣ ለአስራ ሁለት ስምንት ጉዳይ ሲሆን የት ነበሩ?»

የወርነር ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ። «አልናገርም።»

«ጋሽ ወርነር!»

«አሳሪኝ፣ አልናገርም። ቅዳሜ ታውቂዋለሽ።»

«ዝም ካሉ እኮ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም። ሜዳሊያውን ይነሱዎታል።»

አንገቱን ደፋ። «አውቃለሁ» አለ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ካርድዎስ የት ነው ያለው?»

«ሚስማሬ ላይ ነዋ። ኪሴ ሳደርገው ጨው ውሃ እየገባበት ሁለቴ ተበላሸ። ጫማ ማጠቢያው ክፍል ሚስማር መትቼ ስሜን ጻፍኩበትና እዚያ ይውላል፣ እዚያ ያድራል።»

«ስምዎንም ጽፈውበታል?»

«ሌላ ሰው በስህተት እንዳይወስደው ብዬ።»

«የጎን በሩስ ማታ ማታ ይቆለፋል?»

ወርነር ግራ ገብቶት አያት። «ለምን ይቆለፋል?»

የጎኑ በር ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ቁልፍ አያውቅም። በመጫኛው በር ላይ ማን በስንት ሰከንድ እንደገባ የሚያውቅ መሣሪያ ተክለዋል፤ በጎን ያለው በር ግን ለድመቷ ተብሎ ገርበብ እንዳለ ያድራል። አርዲስ ልትስቅበት አሰበችና የራሷንም ቤት ጠዋት ሳትቆልፍ መውጣቷ ትዝ ሲላት ተወችው።

*

ኖሪን ጋራዧ ውስጥ ሽቦ እየበየደች ነበር። አርዲስ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ጀመረች።

«አንቺና ወርነር ሐሙስ ሐሙስ ካርታ ትጫወታላችሁ።»

«እሱ ይጫወታል፣ እኔ እበላለሁ። ምን አለው?»

«ከተማው ወዳጇን ለማዳን መዝገቡን ደልዛለች እያለ ነው።»

ኖሪን መበየጃውን አስቀመጠች። ተቆጥታለች። «መደለዝ ብፈልግ ይሄንን አልተውም ነበር» አለችና ወረቀት ዘረጋችላት። «ኮሪደሩ ውስጥም አንድ አንባቢ አለኝ። ለአስራ ሁለት ሃያ ዘጠኝ ጉዳይ ሲል ጋሪው ከነሃያ አራቱ ሳጥን በኮሪደሩ አለፈ። ከዚያ በኋላ ዝም። በመጫኛው በር የወጣ የለም። ወይ የእኔ መሣሪያ ዕቃ አይደለም፣ ወይ አይቡ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም።»

«ዴልበርት እያንዳንዱን ክፍል ፈትሻለሁ ብሏል።»

«ሰምቻለሁ።»

አርዲስ ጠረጴዛው ላይ ካሉት መለያዎች አንዱን አነሳች። አውራ ጣት የምታክል ፕላስቲክ ናት። «የፕሬስተን ነጭ ወረቀት ነው። የአንቺ ለምን ወፈረ?»

«ሬዲዮ ብረት ይጠላል፣ ጨው ውሃም ይጠላል። አይብ ፋብሪካ ደግሞ ከሁለቱ ሌላ ምን አለው? አይቡ በፎይል ነው የሚጠቀለለው፤ ፎይል ብረት ነው። ለዚህ ነው የእኔን ከፎይሉ አርቄ ሳጥኑ ጆሮ ላይ የሰካሁት። ስድስት ዓይነት ሠርቼ ጥያለሁ።»

«እሱስ?»

«እዚያው ፎይሉ ላይ ለጠፈው። ያምራል» አለች ኖሪን ደረቅ አድርጋ። «ስንት እንደሚያነብለት አላውቅም፤ መዝገቡ የታሸገ ነው።»

ከመውጣቷ በፊት አርዲስ አንድ ነገር ጠየቀች። ዕቃ ከመተከሉ በፊት ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ፋብሪካውን በእግራቸው ዞረው፣ ሬዲዮ የማይደርስበትን ቦታ ሁሉ ካርታ ላይ ምልክት አድርገው ነበር። ኖሪን የራሷን ካርታ አወጣችላት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። አርዲስ ካርታውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

*

ፕሬስተንን ያገኘችው ምግብ ቤት ውስጥ የቼሪ ፓይ ሲበላ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ቡና አዘዘላት፣ አስተናጋጇን አሳቃት። አርዲስ ሰውየውን ወደደችው፤ በዚህም በራሷ ተናደደች።

«ዛሬ ንጋት ላይ የት ነበርክ?»

«ሞቴል ውስጥ ነዋ፣ እስከ አንድ ሰዓት ተኝቼ። ዴልበርት ነው በስልክ የቀሰቀሰኝ።»

«አይቡን ነክተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ?» ሹካውን ጣለ። «እግዜር ይይልዎት! ተለጣፊውን ራሱ ወርነር ነው የለጠፈልኝ። እኔ ከደረጃው በታች ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆሜ አላውቅም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያሳዝነኛል፣ ምስኪን ሽማግሌ ነው። ግን ቁጥር አይዋሽም፣ ኢንስፔክተር። ሃያ አራት ከሃያ አራት።»

*

ሐሙስ ጠዋት አርዲስ ቢሮ ስትገባ የስልክ ተቀባይዋ ማርሊን የቅሬታ መዝገቡን ይዛ ብቻዋን ትስቃለች።

«ኦርቪል ደግሞ ደወለ» አለች። «ጎረቤት ያለችው ላም አሁንም አልወለደችም።»

«የምን ላም?»

«ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ። ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል ጀምሮ እስከ አስራ ሁለት ከሩብ ትጮሃለች፣ አንድ ሰው ሄዶ ያዋልዳት ይላል። ሰኞ ደወለ፣ ማክሰኞ ደወለ፣ ትናንትም ደወለ። ከእትዬ ኦቲሊ በረት ነው የሚሰማው።»

አርዲስ ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች። «እትዬ ኦቲሊ ላሞቻቸውን ከሸጡ ስምንት ዓመታቸው ነው።»

ኦቲሊ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የከተማውን የዮድል ዘፋኞች፣ ድምፃቸውን ሽቅብ ቁልቁል እያፈረቁ የሚያዜሙትን፣ አርባ ዓመት መርተዋል። በረቱ ውስጥ አኮርዲዮናቸውን ሲወለውሉ ደረሰችባቸው።

«ላም?» አሉ። «ላም ብትሆን እኔ ደስታዬ ነበር። ላም እንኳ ዜማ ትጠብቃለች።»

«እትዬ፣ ማነው የሚጮኸው?»

አሮጊቷ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉትና ሹክ አሉ። «ወርነር ነው። ሚስቱ ሄልጋ በየበዓሉ እንዴት ትዘፍን እንደነበር ታስታውሺያለሽ? ልትሞት ሰሞን፣ ሜዳሊያህን ያገኘህ ቀን በእኔ ፈንታ አንተ ትዘፍናለህ ብላ አስምላዋለች። ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ በየንጋቱ እየመጣ ያሰቃየኛል። ትናንትም በአስራ አንድ ተኩል መጥቶ ሲያበቃ በቀጥታ ወደ ሥራው ሄደ።»

«ምድር ቤት ውስጥ ለምን አይለማመድም?»

«ተለጣፊዎቹ ሰምተው ያወሩብኛል ይላላ!»

አርዲስ ሳር ክምሩ ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ስትጠርግ እንባው ሁሉ የሳቅ እንዳልሆነ አወቀች። ሄልጋ እሷንም ሕፃን ሳለች ዘፈን አስተምራታለች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አሉ ኦቲሊ፣ ጣታቸውን እየነቀነቁ። «ቅዳሜ ድንገት ካልሆነ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው።»

«አልናገርም» አለች አርዲስ። ቃሏን ከሰጠች በኋላ ነው የገባችበት ነገር የታያት። ወርነር ንጹሕ መሆኑን አውቃለች፤ ግን አፏን ልትከፍት አትችልም። እስከ ነገ እኩለ ቀን እውነተኛውን ሌባ ማግኘት አለባት።

*

ሌባው ወርነር ካልሆነ ሳጥኖቹን በእጁ ያነሳ ሌላ ሰው አለ፤ ሊምበርገር ያነሳ ሰው ደግሞ ይሸታል። የብሮድቤክ ሰው ግን የሊምበርገርን ሽታ ሊያሸት አይችልም። አርዲስ ከትናንት ጀምሮ አጠገቧ ማን እንደሸተተ ሳታውቅ መዞሯ ገባት። ከተማው ውስጥ በሕይወት ያለ አፍንጫ የማን ነው? መኪናዋን አስነስታ ወደ ሞቴሉ ነዳች።

የሞቴሉ ባለቤት ጃግሩቲ ከሕንድ፣ ከጉጃራት የመጣች ሴት ናት። ብሮድቤክ ከገባች ሰባት ዓመቷ ቢሆንም ሽታውን አልለመደችም፣ ልልመደው ብላም አታውቅም።

«የእናንተ አፍንጫ ሞቷል» አለች ገና አርዲስ ሳትጠይቃት። «የእኔ አልሞተም። ረቡዕ ጠዋት ስድስት ቁጥር ክፍልን ሳጸዳ ልወድቅ ነበር። ጫማውን ገንዳ ውስጥ ከትቶ በሻምፖ አጥቦታል። በእኔ ሻምፖ! መጋረጃውን ሁለቴ አጠብኩት።»

«ስድስት ቁጥር ስንት ሰዓት ነው የወጣው?»

«መውጣቱን አላየሁም። ሲመለስ ግን አይቻለሁ፣ ለጸሎት ስነሳ። አስራ ሁለት ከሩብ ነበር።»

«ቆሻሻውን ጣልሽው?»

«መኪናው የሚመጣው ዓርብ ነው። ከጓሮ አለልሽ፣ ነገር ግን እኔ አልከተልሽም።»

አርዲስ ጓንት አጥልቃ ከረጢቱን ፈታች። አንድ የፒዛ ካርቶን ለአራት ታጥፎ ተጥሏል። ከፈተችው፤ ከውስጥ ያለውን አየችና ጓሮው መሃል ብቻዋን እጇን አጨበጨበች።

*

ዓርብ ረፋድ ላይ አባላቱ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። አርዲስ ሁሉንም በኮሪደሩ መርታ ጫፍ ላይ ካለው አሮጌ የወተት ታንክ ፊት አቆመቻቸው። ከአራት ዓመት በፊት ሥራ ያቆመ፣ ዙሪያውን ወፍራም ብረት የሆነ ታንክ ነው።

«ዴልበርት፣ እዚህ ፈትሸሃል?»

«እሱማ ባዶ ነው።»

አርዲስ መዝጊያውን ጠመዘዘች፤ በሩ ሲጢጥ እያለ ተከፈተ። ሃያ አራቱ ሳጥኖች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ወርነር ሰዉን ገፍቶ ገባ፣ አንዱን ሳጥን ከፍቶ በጣቱ ተጫነው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ግንባሩን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ።

«ደህና ናቸው» አለ። «ደህና ናቸው ልጆቼ።»

«በሉ፣ ሽማግሌው እዚህ ነው የደበቀው!» አለ ፕሬስተን።

«የአንተ መሣሪያ በመጫኛው በር ወጣ አላለም?» አለችው አርዲስ።

«ታዲያ... አውጥቶ በጎን መልሶት ይሆናላ።»

«ይሁን። ተለጣፊዎችህ ግን ሁሉም ከፎይሉ ላይ ተልጠዋል። ቦርሳህ ውስጥ አዲስ አይጠፋም። አንድ ውለታ ዋልልኝ፤ እንደገና ለጥፋቸውና ጋሽ ወርነር በበሩ ይግፋቸው።»

ፕሬስተን ቦርሳውን ቀስ ብሎ ከፈተ። ዴልበርት ተለጣፊዎቹን ተቀብሎ ለጠፈ። ወርነር ጋሪውን በበሩ ገፋ። ማያው ስምንት አለ።

«አንዳንዴ ያጋጥማል!» አለ ፕሬስተን።

«የወሩን መዝገብ ክፈት» አለች አርዲስ። ዴልበርት እሽጉን ቀዶ አነበበ። ሰባት። ዘጠኝ። ስድስት። ስምንት። ወር ሙሉ ከዘጠኝ አልፎ አያውቅም። የኖሪን ሃያ አራት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት እያለ ይወርዳል።

«ገና መጀመሪያ ላይ የቆረቆረኝ ይሄ ነው» አለች አርዲስ። «ብረትና ጨው ውሃ ባለበት ቤት ሃያ አራት ከሃያ አራት ብሎ ሲጮህ። ወር ሙሉ ግማሹን ያላየ ዓይን በዚያች ጠዋት ብቻ አንዷን እንኳ ሳይስት አየ። እንዴት ሊሆን ይችላል? ተመልከቱ።»

የፒዛውን ካርቶን ከኮቷ ሥር አወጣች፤ አሁንም እንደታጠፈ ነው። ብብቷ ሥር ሻጥ አድርጋ እጇን እያወዛወዘች በበሩ አለፈች። መሣሪያው ጮኸ። ማያው ላይ ሃያ አራት ሳጥን ወጥቷል የሚል ጽሑፍ በራ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ገበሬ «አርዲስ፣ ጡንቻሽ ጉድ ነው!» ብሎ ሲጮህ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አርዲስ ካርቶኑን ዘርግታ አሳየቻቸው። ሃያ አራቱ ነጭ ተለጣፊዎች ከፎይሉ ተልጠው፣ በመስመር በመስመር ካርቶኑ ላይ ተለጥፈዋል። ካርቶን ሬዲዮ አይከለክልም።

«በጎን በር ገባህ» አለችው ፕሬስተንን። «ተለጣፊዎቹን ልጠህ፣ ሳጥኖቹን ሬዲዮ አይደርስበትም ብለህ ራስህ ካርታ ላይ ምልክት ባደረግክበት ታንክ ከተትክ። ጋሽ ወርነር ታንኩ ሬዲዮ እንደሚደብቅ ከየት ያውቃል? ተለጣፊ ይሰማል ብሎ የሚፈራ ሰው ነው። ከዚያ ካርዱን ከሚስማሩ አንስተህ፣ በሩን ከፍተህ፣ ካርቶንህን ይዘህ ወጣህ። ካርዱን መልሰህ ሰቅለህ ሄድክ። ጫማህን ግን ጃግሩቲ አሸተተችው።»

ፕሬስተን ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ጥርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከደነ። «ከምርጫው በኋላ በጎን በር ገብቼ መደርደሪያው ላይ ልመልሰው ነበር» አለ። «ይሄንንም ካላሸነፍክ እንዳትመለስ ብለውኛል። መዝገቡ ሲከፈት እንደምዋረድ አወቅኩ። ሌባ የያዘ መሣሪያ ግን ማን ቁጥሩን ይቆጥርበታል ብዬ...»

«በእኔ ስም» አለ ወርነር። ድምፁ ምድር ቤቱን ሞላው፤ ስለ ተለጣፊዎቹ መጨነቁን ረስቷል። ሁሉም ይመታዋል ብሎ ሲጠብቅ ቢላዋውን አውጥቶ ከአይቡ አንድ ቁራጭ ቆረጠና ዘረጋለት። «ቅመስ። ለሦስት ቀን ደብቀኸዋል፣ ምን እንደደበቅክ እንኳ እወቅ።»

ፕሬስተን ቁራጩን ዓይኑን ጨፍኖ አፉ ውስጥ ጨመረ። አላመጠ። ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ። «ጥሩ ነው እኮ» አለ፣ እንደተገረመ። ከዚያ እጁን ለአርዲስ ካቴና ዘረጋ።

ምርጫው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዴልበርት ለዳኞቹ ሲደውል ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር። ኖሪን ወርነርን አቅፋ «በል ሐሙስ ትበላኛለህ፣ አንድ ቀን ብቻ» አለችው።

*

ቅዳሜ አደባባዩ ሰው አይገባበትም ነበር። ዳኞቹ ቀምሰው ተያዩ፤ ሁለተኛም ቀመሱ። ሜዳሊያው ወርነር አንገት ላይ ሲጠልቅ ጭብጨባው ጣሪያ ላይ ያሉ ርግቦችን አስነሳ። ወርነር ግን ከመድረኩ አልወረደም። ኦቲሊ አኮርዲዮናቸውን ይዘው ወጡ። ሰው ግራ ገባው። ወርነር ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ፣ ወደ ሰማይ ቀና አለና አፉን ከፈተ።

የሄልጋ ዘፈን ነበር፤ ሁሉም አወቀው። ድምፁ ሽቅብ ሲወጣ ተሰነጠቀ፣ ሲወርድ ተደናቀፈ፣ ግን አላቆመም። ቀድማ አብራው ያዜመችው ኖሪን ናት፤ ከዚያ ዴልበርት፣ ከዚያ አደባባዩ በሙሉ። ጃግሩቲ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ በሌላው እጇ ታጨበጭባለች። አርዲስ እያለቀሰች መሆኗን ለመደበቅ አልሞከረችም።

ወገቧ ላይ ያለው የፖሊስ ሬዲዮ ተንጫጫ። ማርሊን ናት።

«ኢንስፔክተር፣ ኦርቪል ደውሎ ነው። ያቺ ላም ዛሬ ደግሞ አደባባይ መሃል ናት ይላል፣ ጭንቅ ላይ ናት፣ አንድ ሰው ይድረስላት እያለ ነው።»

አርዲስ መድረኩን አየች። ወርነር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሜዳሊያው ደረቱ ላይ እየዘለለ፣ የመጨረሻውን ከፍታ ሊወጣ ትንፋሹን እየሳበ ነበር።

«ወልዳለች በይው» አለች።